የአውሮፕላን አደጋ በአብራሪው ዓይን

አውሮፕላን ከምድር ሲነሣ ቆሞ የሚመለከት ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በክንፉና በሞተሩ ላይ ነው። የአብራሪው ዓይን ግን ከዚያ አስቀድሞ ያረፈው በአንድ ወረቀት ላይ ነው። ይህ ወረቀት የጭነት ዝርዝር ይባላል። አውሮፕላኑ ባዶውን ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ስንት መንገደኛ እንደተሳፈረበት፣ በሆዱ ውስጥ ምን ያህል ዕቃ እንደተጫነና በክንፎቹ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ እንደተሞላ የሚገልጹ ቁጥሮች ተደርድረውበታል። ዛሬ ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ የሚነበብ ቢሆንም ተግባሩ አልተለወጠም። በሥርዓት የሚሠራ የመንገደኞች አውሮፕላን ዋናው አብራሪ ወይም ካፒቴኑ ይህን ዝርዝር አይቶ ሳይቀበለው አይነሣም።

ስለ አውሮፕላን አደጋ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ መጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ሞተር ጠፋ፣ ጭጋግ ወረደ፣ አብራሪው ተሳሳተ ይባላል። በሙያው ውስጥ የቆዩ አብራሪዎች ግን ታሪኩን ከዚያ ቀደም ብለው ይጀምሩታል። አደጋው የሚታየው አየር ላይ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚፀነሰው መሬት ላይ ነው ይላሉ። ይህ አባባላቸው ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ወደ ጎረቤታችን ወደ ደቡብ ሱዳን፣ ይልቁንም ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ጁባ መመልከት ይጠቅማል።

ጁባ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ መናገሻዋ ሆነች። አገሪቱ ሰፊ ናት፤ የተነጠፈ መንገዷ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከጁባ ተነሥቶ እስከ ኡጋንዳ ጠረፍ እስከ ኒሙሌ የሚደርሰው 192 ኪሎ ሜትር የአስፋልት መንገድ እንኳ ሥራው የተጠናቀቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ነው። ዝናቡ ሲገባ የጭቃው መሬት መኪና ይውጣል፤ ሱድ የሚባለው ታላቅ ረግረግ ደግሞ የአገሪቱን መካከል ይዞ ተንጣሎ ይገኛል። ስለዚህ እህል፣ መድኃኒት፣ በሽተኛ፣ ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ የሚጓጓዘው በአየር ነው። በእኛ አገር አውቶቡስና የጭነት መኪና የሚሠሩትን ሥራ በዚያ አገር ብዙ ጊዜ አውሮፕላን ይሠራዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ሰው በአውቶቡስ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ በአውሮፕላንም ላይ ለማድረግ ቢሞክር አያስደንቅም። አንድ ሰው ይጨመርልኝ፣ ይህችም ከረጢት ትግባልኝ ማለት በዚያም አለ።

ጥቅምት 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ጧት አንቶኖቭ 12 የሚባል ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን በሰሜን ወደምትገኘው ወደ ፓሎይች ለመሄድ ከጁባ ተነሣ። አውሮፕላኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በሶቪየት ኅብረት የተሠራ ስለ ነበር ዕድሜው 44 ዓመት ሆኖታል። የዚህ ዓይነቱ አውሮፕላን ዋና ተግባር ዕቃ መጫን ነው እንጂ መንገደኛ ማመላለስ አይደለም። ሆኖም በዕለቱ ከስድስቱ የበረራ ሠራተኞች ሌላ 33 ሰዎች ከጭነቱ ጋር ተሳፍረውበት ነበር። ከመንደርደሪያው ተነሥቶ ብዙም ከፍ ሳይል፣ ብዙም ሳይርቅ፣ በነጭ ዓባይ ዳር ወደቀ። 37 ሰዎች ሞቱ። የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ ሕፃን ነበረች። የአውሮፕላኑ ሠሪ ኩባንያ በኋላ እንደ ገለጸው፣ በወቅቱ ሊደረግለት የሚገባው ጥገና ስላልተደረገለት አውሮፕላኑ ለመብረር ብቁ አልነበረም።

ከዚህ አደጋ ዜና ውስጥ አብራሪዎችን ይበልጥ ያሳሰባቸው አንድ ነገር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ ሟቾችና ስለ ተሳፋሪዎች የሚነገረው ቁጥር አንድ አልነበረም። አንዱ ሃያ አምስት ሲል ሌላው ከአርባ በላይ ይል ነበር። ተራ አንባቢ ይህን የጋዜጠኞች መዘባረቅ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። አብራሪ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ከአደጋው በኋላ በአውሮፕላኑ ውስጥ ስንት ሰው እንደ ነበረ በትክክል ማወቅ ካልተቻለ፣ ከመነሣቱ በፊትስ ምን ያህል ይመዝን እንደ ነበር ማን ያውቃል?

ክብደት ይህን ያህል የሚያስጨንቅበትን ምክንያት ለማወቅ አውሮፕላን እንዴት እንደሚነሣ ማስታወስ ያስፈልጋል። አውሮፕላንን ወደ ላይ የሚያነሣው ክንፉ ነው፤ ክንፉም ይህን ማድረግ የሚችለው አየር በላዩና በሥሩ በፍጥነት ሲያልፍ ብቻ ነው። አየሩ ጥቅጥቅ ያለ እንደሆነ ክንፉ በቂ ድጋፍ ያገኛል። አየሩ የሳሳ እንደሆነ ግን ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ለዚያም ፍጥነት የበለጠ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ስለሆነ በሳሳ አየር ውስጥ ጉልበቱ ይደክማል። አየርን የሚያሳሱት ደግሞ በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ከፍታና ሙቀት ናቸው።

በአዲስ አበባ የአብራሪው ችግር ከፍታ ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ የእኛ አገር አብራሪዎች የሳሳ አየርን ጠባይ የሚማሩት ገና ከቤታቸው ሳይወጡ ነው። ጁባ ግን ቆላ ናት፤ ከፍታዋ 460 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ያለው ችግር ሙቀት ነው። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነገር ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ግን አብራሪዎች እንደ መደበኛ የሚቆጥሩት ሙቀት 12 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ 26 ዲግሪ ይሆናል። በሙያው በተለመደው ግምታዊ ስሌት መሠረት ከመደበኛው በላይ የሆነ እያንዳንዱ ዲግሪ አውሮፕላኑን 36 ሜትር ያህል ሽቅብ እንደ ወሰደው ይቆጠራል። 26ን በ36 ብናባዛ 936 እናገኛለን፤ 460 ስንደምርበት 1,396 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ወራት እኩለ ቀን ላይ ከጁባ የሚነሣ አውሮፕላን ጎማው በቆላው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ፣ ክንፉና ሞተሩ ግን 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዳሉ ሆነው ይሠራሉ። ይህ ድሬዳዋ ካለችበት ከፍታ ይበልጣል። መንገደኛው ይህን አያየውም፤ እርሱ የሚያየው ሜዳና ወንዝ ነው።

በዚህ ላይ ከመጠን ያለፈ ጭነት ቢጨመር ምን እንደሚሆን ማሰብ አያስቸግርም። የአንድ አውሮፕላን ክብደት በአሥር በመቶ ቢጨምር፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት በአምስት በመቶ ያህል፣ የመንደርደሪያው ርዝመት ግን በሃያ በመቶና ከዚያም በላይ ይጨምራል። በጭነቱ ላይ የተጨመረው ጥቂት መስሎ ሲታይ በመንገዱ ላይ የሚጨመረው እጥፍ ነው ማለት ነው። ከመጠን በላይ የተጫነች አህያ ዳገቱ ሲከብዳት ቆም ትላለች፤ ባለቤቷም ጭነቱን ያቃልልላታል። አውሮፕላን ግን በአየር ላይ ቆም ብሎ የሚያራግፍበት ስፍራ የለውም። ከዚህም ሌላ ጭነቱ በሚገባ ካልታሰረና ወደ ኋላ ከተንሸራተተ፣ ክብደቱ ልክ ቢሆን እንኳ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናና ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተዋል።

አብራሪው ከወረቀቱ ላይ ከሚያወጣቸው ቁጥሮች መካከል አንደኛው የውሳኔ ፍጥነት ይባላል። አውሮፕላኑ በመንደርደር ላይ ሳለ አንድ ብልሽት ቢደርስና ፍጥነቱ ገና ከዚህ ቁጥር በታች ቢሆን፣ ፍሬን ይዞ በቀረው መንደርደሪያ ላይ መቆም ይቻላል። ከዚህ ቁጥር ካለፈ ግን ለማቆም የሚበቃ መንገድ ስለማይኖር፣ አንዱ ሞተር ጠፍቶም ቢሆን መነሣት ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ ረዳት አብራሪው ይህን ፍጥነት ጮክ ብሎ ሲጠራ ካፒቴኑ እጁን ከጉልበት መቆጣጠሪያው ላይ ያነሣል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ማመንታት አይፈቀድም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም በጭነት ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ክብደት እውነተኛ መሆኑ ነው። ወረቀቱ ከዋሸ የውሳኔው ፍጥነትም ይዋሻል፤ የመንደርደሪያውም ርዝመት ይዋሻል፤ አብራሪው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በሐሰት ቁጥር ትክክለኛ ውሳኔ ሊወስን አይችልም።

ከነጭ ዓባይ ዳር ወደ ጥቁር ዓባይ መነሻ ብንሻገር፣ ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚደርስ አደጋም እንዳለ እናያለን። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሆነ ቦይንግ 737 አውሮፕላን 104 ሰዎችን ይዞ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሣ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። ይህ የሆነው አውሮፕላኑ ከመሬት በሚለቅበት ጊዜ ስለሆነ መቆም የሚባል ነገር አልነበረም። አብራሪዎቹ ወደ አየር ማረፊያው ለመመለስ ዞሩ፤ ነገር ግን ሁለቱም ሞተሮች ስለ ከዷቸው ጎማ ሳይዘረጉ ሜዳ ላይ አረፉ፤ እሳትም ተነሣ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69 ሰዎች ተረፉ። አንድ አውሮፕላን ሁለት ሞተር የሚገጠምለት አንዱ ቢጠፋ በሌላው እንዲደርስ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲመቱ ግን በአብራሪው እጅ የሚቀረው ምቹ መውደቂያ መፈለግ ብቻ ነው። አየር ማረፊያዎች ቆሻሻ እንዳይከማች፣ ሣር እንዳያድግና ወፎች እንዳይሰበሰቡ የሚጠነቀቁት ስለዚህ ነው። ይህም በመሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ መጥረጊያ የያዘ ሠራተኛ ያለ ዕውቀቱ የበረራ ባልደረባ ሆኖ ይገኛል።

አደጋ በደረሰ ቁጥር ቶሎ የሚነገር ምክንያት ቢኖር የአብራሪ ስሕተት የሚለው ነው። አብራሪዎች ይህን አነጋገር አይወዱትም፤ አለመውደዳቸውም ራስን ከመከላከል ብቻ የመጣ አይደለም። ስሕተት መኖሩን አይክዱም፤ ነገር ግን ተሳሳተ ብሎ ማቆም ምርመራን መጀመር ሳይሆን መዝጋት ነው ይላሉ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በረራ በኋላ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በምርመራው እንደ ታወቀው አንድ መለኪያ የተሳሳተ ንባብ ሰጥቶ ነበር፤ ያንን ንባብ ያመነው አዲስ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ደግሞ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። ከዚያ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በኢንዶኔዥያ ያው ዓይነት አውሮፕላን በተመሳሳይ ሁኔታ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። የመጀመሪያው አደጋ ሲደርስ ብዙ ጣት ወደ አብራሪዎች ተቀስሮ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። የዓለም አገሮች ይህን አውሮፕላን ከበረራ ያገዱት ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ነው።

አብራሪዎች ስለ ራሳቸው ስሕተት የሚማሩበት ትልቁ ምሳሌ ደግሞ መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፌ የደረሰው ነው። በጭጋግ በተሸፈነ መንደርደሪያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። በሲቪል አቪዬሽን ታሪክ ውስጥ በአንድ የአውሮፕላኖች ግጭት ይህን ያህል ሰው የሞተበት ጊዜ የለም። ከድምፅ መቅረጫው እንደ ተሰማው፣ ሊነሣ ይንደረደር በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን መንገዱን ለቅቆ እንደሆነ ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ግን በልምዱ የታወቀና የተከበረ ሰው ስለ ነበር ጥያቄው አልተገፋበትም፤ መንደርደሩም ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ አየር መንገዶች ለበረራ ሠራተኞቻቸው የሚሰጡት ትምህርት ተለወጠ። ታናሹ አይቶ እንዲናገር፣ ታላቁም ሰምቶ እንዲያመሰግን ይሠለጥናሉ። ታላቅን ማክበር በእናት ጡት በሚጠጣበት በእኛ ዘንድ ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም። ቢሆንም ረዳት አብራሪው «ካፒቴን፣ ይቆዩ፤ ክብደቱ ልክ አይመስለኝም» ቢል ክብር ነሣ አይባልም። የሚያስወቅሰው አይቶ ዝም ማለቱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ጁባ እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. ከደረሰው አደጋ በኋላም ሰማዩ አልጸዳም። መጋቢት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ከጁባ ወደ ዋው የሄደ አንቶኖቭ 26 ሲያርፍ ተጋጭቶ በእሳት ጋየ፤ የሚያስገርመው የሞተ ሰው አልነበረም። ጳጉሜን 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ከጁባ ወደ ይሮል ይበር የነበረ ትንሽ አውሮፕላን በይሮል ሐይቅ ውስጥ ወድቆ ከ23 ሰዎች 20 ሞቱ። ይህ ዓይነቱ አውሮፕላን የተሠራው 19 መንገደኞችን እንዲይዝ ነው። ነሐሴ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ አንቶኖቭ 26 ከጁባ እንደ ተነሣ ወድቆ ከዘጠኝ ሰዎች አንድ ብቻ ተረፈ። ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከነዳጅ ማውጫ ስፍራ ሠራተኞችን ይዞ ወደ ጁባ ሊመጣ የተነሣ አውሮፕላን ሲወድቅ 20 ሰዎች ሞቱ፤ አንድ ሰው ተረፈ።

እነዚህን አደጋዎች ያነበበ ሰው በጁባ የሚደረግ በረራ ሁሉ አደገኛ ነው ብሎ ቢደመድም ይሳሳታል። በዚያው መንደርደሪያ ላይ በሥርዓት የሚጠገኑ፣ ጭነታቸው የሚመዘንና መንገደኞቻቸው በስም የሚመዘገቡ የታወቁ አየር መንገዶች አውሮፕላኖች ያለ ችግር ይመላለሳሉ፤ ከአዲስ አበባ የሚሄደው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከእነዚህ አንዱ ነው። የተባበሩት መንግሥታትም የእርዳታ ሠራተኞችን የሚያመላልስበት የራሱ የአየር አገልግሎት አለው። ሰማዩ አንድ ነው፤ ሙቀቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በሚዛኑ ላይ ነው።

ሚዛኑን መጠበቅ ግን ከሩቅ ሆኖ እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። እስቲ ራሳችሁን በካፒቴኑ ቦታ አስቀምጡ። ወደ ገጠር በምትበር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ደረጃ ሥር ቆማችኋል። ከፊታችሁ ወደ አገሯ ለመመለስ ሦስት ቀን የጠበቀች አራስ፣ ሸቀጡ የሚበላሽበት ነጋዴ፣ ለክሊኒክ የሚላክ የመድኃኒት ሣጥን አሉ። ሁሉም ምክንያታቸው እውነት ነው። አውሮፕላኑን ያከራየው ሰው ደግሞ በረራው በዘገየ ቁጥር ገንዘብ እንደሚጎድልበት ያስታውሳችኋል፤ ትናንት ሌላው አብራሪ ይህንኑ ጭኖ በሰላም ደርሷል ይላችኋል። ትናንት መድረሱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ሞተሮቹ ሁሉ ደኅና ነበሩ። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሞተር ለሚጠፋበት ቀን ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «አልበርም» የሚለው ቃል ከማንኛውም ማዕበል ይልቅ ይከብዳል። በሕግ ግን የመጨረሻው ቃል የካፒቴኑ ነው። ጭነቱ ይቀነስ ካለ መቀነስ አለበት፤ አይነሣም ካለም አይነሣም። ይህን መብቱን የሚያስከብርለት መሥሪያ ቤትና የሚዛን ሠራተኛ ከጎኑ ከሌሉ ግን፣ ያ ቃል የአንድ ሰው ድፍረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ብዙ አብራሪዎች ስለ አደጋ ሲጠየቁ ከማዕበሉ ይልቅ ስለዚህ ብቸኝነት የሚናገሩት ወድደው አይደለም።

አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ከማንም ጥፋት ሳይሆን ከሰዓቱ መግፋት ብቻ ይመጣል። በመጋቢት አንድ ቀን ከጧቱ በሁለት ሰዓት ሊነሣ የታሰበ በረራ፣ ዕቃው ስለ ዘገየ እስከ ሰባት ሰዓት ቢቆይ፣ ጭነቱ ሳይጨምር አውሮፕላኑ ከብዶ ይገኛል። ጧት በ25 ዲግሪ ሙቀት የተሠራው ስሌት በ38 ዲግሪ አያገለግልም። ያኔ ካፒቴኑ የመቆጣጠሪያ ማማውን የሙቀቱን ልክ ይጠይቃል፤ የቀድሞውን ወረቀት ይሰርዝና አዲሱን ይጀምራል። ከሆዱም ጥቂት ከረጢቶች ይወርዱና ለሚቀጥለው በረራ በክንፉ ጥላ ሥር ይደረደራሉ።